የቤት እድሳትና የሙያተኞች መገጣጠም፤ ከሣር ክዳን እስከ አርማታ

1. የነገሩ መነሻ

ስለ ኢትዮጵያ ቤት አሠራር ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቅርጹ ነው። ክብ ወይም ባለ ማዕዘን መሆኑ፣ ግድግዳው የድንጋይ ወይም የጭቃ መሆኑ፣ ክዳኑ ሣር ወይም አፈር መሆኑ ይዘረዘራል። ቤቱን የሠሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው በምን ሥርዓት እንደ ተግባቡ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ቤት የሚጸናውም ሆነ የሚበላሸው በአንዱ ሙያ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ከጣራው፣ ጣራው ከውኃ መውረጃው፣ መቃኑ ከምርጊቱ፣ ቧንቧው ከልስኑ በሚጋጠምበት ስፍራ ነው። ይህ መጋጠሚያ የአንድ ሙያተኛ ብቻ ሥራ ስላልሆነ፣ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ኀላፊው ቶሎ አይገኝም። ግንበኛው አናጢውን፣ አናጢው ቆርቆሮ መቺውን፣ እርሱም ዝናሙን ይከሳል።

ነገሩ በአዲስ ቤት ሥራ ላይ ካለው ይልቅ በእድሳት ላይ ጎልቶ ይታያል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሥራውን ከመሠረቱ ጀምሮ በተራ ማስኬድ ይችላል። አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው ግን ቀድሞ የተሠራውን ይዞ፣ ያንን የሠሩት ሰዎች በሌሉበት፣ ከፊሉን አፍርሶ ከፊሉን አቆይቶ መሥራት አለበት። ስለዚህ እድሳት የሙያተኞች መግባባት ፈተና ነው ማለት ይቻላል። የሚከተለው ሐተታ ይህ መግባባት በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ በየዘመኑ በማን እጅ እንደ ነበረና እንዴት እየተበታተነ እንደ መጣ ይመረምራል።

2. የጋራ ዕውቀት ዘመን

በማዕከላዊው ደጋ የገጠር ቤት በደቦ ይሠራል። ባለቤቱ እንጨቱንና ሣሩን አስቀድሞ ያከማቻል፤ ጠላውና እንጀራው ይዘጋጃል፤ ጎረቤቱም በቀጠሮው ቀን ይሰበሰባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው አነጋገር ለዚህ ዐይነቱ ሥራ እጅግ ይስማማል። ነገር ግን ደቦ የጉልበት መረዳጃ ብቻ ተደርጎ ሲታይ አንድ ዐቢይ ነገር ይዘነጋል፤ ይኸውም ደቦ የጋራ ዕውቀት መሆኑ ነው። የመጣው ሰው ሁሉ የሥራውን ቅደም ተከተል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

ቅደም ተከተሉም እንዲህ ነው። ቦታው ይደለደላል፤ በመካከሉ ችካል ተተክሎ በገመድ ክቡ ይለካል። ቋሚው እንጨት በዙሪያው ይተከላል፤ ምሰሶው በመካከል ይቆማል። ማገሩ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል። ከዚያ ጣራው ይዋቀራል፤ ሣሩም ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል፤ ጫፉ በጉልላት ይዘጋል። ግድግዳው የሚመረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር እየተረገጠ ቀናት ያህል ይቦካል፤ አንደኛው ምርጊት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ሁለተኛው ስንጥቁን ይደፍናል፤ በመጨረሻም ሴቶቹ ውስጡን በእበት ይለቀልቁታል።

ክዳን ከምርጊት የሚቀድምበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያልደረቀ ጭቃ ዝናም እንዳያገኘው መከለያ ይሻል። ሁለተኛ፣ የጣራው ክብደት ባረፈበት ጊዜ ቋሚው እንጨት በመጠኑ ይረግጣል፤ እንቅስቃሴው ከማብቃቱ በፊት የተመረገ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ይህን ምክንያት እያንዳንዱ ሠራተኛ በቃል ላያስረዳ ይችላል፤ ሥርዓቱ ግን በልማድ ውስጥ ተቀምጦ ይጠበቃል። ወቅቱም እንዲሁ ነው፤ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ጭድ ስለሚገኝ፣ ሣሩ ስለሚደርቅ፣ የሰውም ጉልበት ስለሚያርፍ፣ በጋው የቤት ሥራ ጊዜ ሆነ። የቀን መቁጠሪያው ራሱ የሥራው አስተባባሪ ነበር ማለት ነው።

እድሳትም በዚያው ሥርዓት ይፈጸም ነበር። ሣሩ ባረጀ ጊዜ ይለወጣል፤ የተቦረቦረው ምርጊት ከክረምት በኋላ ይጠገናል። በዶርዜ ዘንድ ደግሞ ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራው ረጅም ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ታች እየተቆረጠ በዓመታት ውስጥ ቁመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አስፈላጊም በሆነ ጊዜ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል። በዚህ አሠራር ግድግዳና ጣራ አንድ ሽመና ስለ ሆኑ፣ በሁለት ሙያ መካከል የሚከፈት ክፍተት የለም።

3. የሙያ ልዩነትና የክብር ልዩነት

ይህ ማለት ግን በጥንቱ ኢትዮጵያ የሙያ ልዩነት አልነበረም ማለት አይደለም። ልዩነቱ ነበረ፤ ከክብር ልዩነት ጋርም የተቆራኘ ነበረ። ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ የተናቁ ነበሩ፤ ቡዳ ተብለውም ይፈሩ ነበር። ጠቢብ የሚለው ቃል ለሊቅ ሲነገር ምስጋና፣ ጠይብ ተብሎ ለአንጥረኛ ሲነገር ስድብ መሆኑ የኅብረተሰቡን አስተያየት በአንድ ሥር ቃል ውስጥ ያሳያል። በጉራጌ አገር የእንጨት ሙያ፣ የቤት ማቆምንም ጨምሮ፣ ፉጋ በሚል የንቀት መጠሪያ በሚታወቁ ወገኖች እጅ እንደ ነበረ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች ገልጿል። እንግዲህ ቤቱን ያለ እርሱ ለማቆም የማይቻለው ሰው፣ በቆመው ቤት ውስጥ ከሌላው ጋር በእኩልነት ለመቀመጥ የማይችል ሰው ነበረ።

የዚህ ነገር ውጤት ከሥነ ምግባር ያለፈ ነው። ሙያተኞች በሥራ ላይ እንዲግባቡ አንዱ ለሌላው፣ ሁሉም ለአሠሪው፣ «ይህ አይሆንም» ብለው ለመናገር መቻል አለባቸው። የተናቀ ሰው ግን የታዘዘውን ይሠራል እንጂ ጥፋት እየታየው ቢሆንም አይመክርም። ስለዚህ ታላላቅ ሕንፃዎች በታነጹበት ስፍራ መግባባቱን የሚተካ አንድ የበላይ ያስፈልግ ነበር።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በጣና ዳር በጎርጎራ ለዐፄ ሱስንዮስ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት ባሠራ ጊዜ፣ እርሱ ራሱ ነዳፊም፣ ግንበኛም፣ አናጢም፣ መሣሪያ ሠሪም እንደ ነበረ የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ይመሰክራሉ። የልዩ ልዩ ሙያ መገጣጠሚያ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ በቈረቈሯት በጎንደር ደግሞ ሥራው ወደ ከተማ ሥራ ተለወጠ። በጎንደር ግንብ ሥራ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ድርሻ እንደ ነበራቸው ይታወቃል። ነገር ግን በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682) በሃይማኖት የተለዩ ወገኖች በየራሳቸው ሰፈር ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። በመኖሪያ የተለያዩ ሙያተኞች የሚገናኙት እንግዲህ በቤተ መንግሥቱ ሥራ ላይ፣ በንጉሡ ትእዛዝ ነበረ። ትእዛዙ ሲደክም መገናኛውም ይደክማል። ከዘመነ መሳፍንት ወዲህ በጎንደር ቤተ መንግሥት የተሠራው አዲስ ሕንፃ መጥፋቱና የነበረውም መፍረሱ ከመንግሥቱ ድህነት ብቻ ሳይሆን ከዚህም ጋር ተያይዞ ሊታሰብ ይገባል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወሳል። አዋጁ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለንጉሡ ርኅራኄና ለሥልጣኔ ፍላጎታቸው ማስረጃ ሆኖ ነው። ነገር ግን በጊዜው አዲስ አበባ በሥራ ላይ የነበረች ከተማ ስለ ነበረች፣ አዋጁ የሥራ ፍላጎትም ነበረበት፤ የሚሰደብ አንጥረኛና የሚሰድብ ባለሟል አንድ ቤት አብረው ሊያቆሙ አይችሉም።

4. ቆርቆሮ ያመጣው ለውጥ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ቤቶችዋ የሣር ክዳን የለበሱ ጎጆዎች ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ቤቶች እንኳ በእንጨትና በሣር የተሠሩ ስለ ነበሩ እ.ኤ.አ. በ1892 በተነሣው እሳት ብዙው ተቃጠለ። ምኒልክ እንደገና ሲያሠሩ፣ ከ1871 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገልግሎታቸው ላይ የነበረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ዋና ረዳታቸው ነበረ። ህንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮችም በግንብ፣ በአናጢነትና በጌጥ ሥራ ተሰማሩ፤ ከአርመኖቹ አንዱ ሙሴ ሚናስ እየተባለ የሚጠራው ሚናስ ኸርቤክያን ነበረ። ከተራራ ምንጭ የመጣ ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢው ገባ፤ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ መብራት ታየ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ቤት የብዙ ባዕዳን ሙያዎች መገናኛ ሆነ።

ለተራው ነዋሪ ግን ታላቁ ለውጥ የመጣው በቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በመጀመሪያ ከባሕር ዳርቻ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ይመጣ ስለ ነበር የመኳንንት ክዳን ነበረ። ምድር ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ዋጋው እየቀለለ ሄደ። በዚሁ ዘመን ባሕር ዛፍ በከተማዋ ዙሪያ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣውም የከተማ ቦታ ደንብ ሰው በቦታው ላይ የጸና መብት እንዲያገኝ አደረገ። ቦታው የእኔ ነው ያለ ሰው፣ እሳትን የሚቋቋምና በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ የማይሻ ክዳን ለማልበስ ገንዘቡን ማውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርተ ዓመታት የአዲስ አበባ የእድሳት ዘመን ሆኑ፤ እድሳቱም በዋናው ነገር ሣርን አውርዶ ቆርቆሮ ማልበስ ነበረ።

በዚህ ሥራ ውስጥ የድሮው የጋራ ዕውቀት በአራት መንገድ ተሰናከለ።

አንደኛው የቅርጽ ነገር ነው። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ያለው ጠፍጣፋ ዕቃ ነው፤ ጎጆ ግን ክብ ነው። ክብ ቤት በቆርቆሮ ሲከደን ሉሆቹ በሰያፍ ተቆርጠው ብዙው ይባክናል፤ መጋጠሚያውም ስለሚበዛ ያፈሳል። ስለዚህ ክዳኑ የግድግዳውን ቅርጽ አዘዘ፤ ክቡ ቤት እየቀረ ባለ ማዕዘኑ በረታ። በቀድሞው ሥርዓት ግድግዳ ለክዳን መሪ ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ክዳን ለግድግዳ መሪ ሆነ።

ሁለተኛው የውኃ ነገር ነው። የሣር ክዳን ጠርዙ ረጅም ስለ ሆነ ዝናሙን ከግድግዳው አርቆ ያወርዳል፤ ሣሩም ከውኃው ጥቂቱን በመያዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቆርቆሮ ግን ውኃውን በቅጽበት በሙሉ ይለቀዋል። በዕቃው ውድነት የተነሣ ጠርዙ አጥሮ በተሠራ ጊዜ፣ ወራጁ ውኃ የጭቃውን ግድግዳ እግር ይመታል፤ መሬት ነክቶም ተፈናጥሮ ምርጊቱን ይበላል። መፍትሔው አሸንዳ ማድረግ፣ ወይም የግድግዳውን ሥር በድንጋይ መካብ ነው። አሸንዳውን የሚሠራው ግን ቆርቆሮ ሠሪው ነው፤ የድንጋዩን ሥራ የሚሠራው ግንበኛው ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ በመራጊው ሥራ ላይ ነው። ሦስቱ በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ ስለማይገኙ፣ ክረምት ሲመጣ የሚጠየቀው በስፍራው የቀረው ግድግዳ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የጢስ ነገር ነው። በሣር ክዳን ውስጥ ጢስ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲወጣም ጣራውን አድርቆ ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቃል። ቆርቆሮ ጢሱን አይለቀውም። ስለዚህ ምድጃው ከቤቱ ወጥቶ ማዕድ ቤቱ በጓሮ ለብቻው ተሠራ። ይህም የክዳን ለውጥ የቤተ ሰቡን ኑሮ እስከ ማደራጀት ደረሰ፤ እመቤቲቱና ሠራተኞችዋ ቀኑን የሚያሳልፉበት ስፍራ ከአባወራው መቀመጫ ተለየ።

አራተኛው የእንጨት ነገር ነው። ሣር ከባድ ስለ ሆነ በራሱ ክብደት ይቀመጣል፤ ቆርቆሮ ግን ቀላል ስለ ሆነ ነፋስ እንዳያነሣው በምስማር ይመታል። ምስማሩን የሚቀበለው እንጨት ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስማሩን ይለቃል፤ በላዩ የተለጠፈውንም ምርጊት ያራግፋል። እንጨቱ ይደርቅ ዘንድ ወራት መጠበቅ ለእንጨት ነጋዴው ኪሳራ፣ ለአናጢው ሥራ መፍታት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ችኩል ናቸው፤ የችኮላውን ዕዳ የሚከፍለው ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው መራጊና በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው።

ከእነዚህ አራት ነገሮች የሚታየው አንድ እውነት ነው። ቆርቆሮ ራሱ ክፉ ክዳን ስለ ሆነ አይደለም ቤቱ የተጎዳው፤ የሣሩ ክዳን በዝምታ ይፈጽማቸው የነበሩ ሥራዎች፣ ማለት ውኃ ማራቅ፣ ጢስ ማስወጣት፣ እንጨቱን መጠበቅ፣ በአዲሱ ክዳን ጊዜ ለየብቻቸው ባለሙያ የሚሹ ሥራዎች ስለ ሆኑ ነው። ያንን የዝምታ ሥራ ቆጥሮ ለየባለሙያው የሚያካፍል ሰው ግን አልነበረም።

5. ካቦና የቃላት ምስክርነት

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የመንገድና የሕንፃ ሥራ በብዛት ተካሄደ፤ ሲሚንቶም በድሬዳዋ መሠራት ጀመረ። ከነፃነት በኋላም በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያናውያን ሙያተኞች ነበሩ። ይህ ታሪክ በአማርኛ የግንባታ ቃላት ላይ ታትሞ ይገኛል። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ቱቦ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ኮርኒስ፣ ሊሾ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በአንጻሩ ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ምርጊት፣ ግድግዳ፣ ጉልላት የሚሉት የአገር ቃላት ናቸው። አንድ ቤት ሲታደስ ሁለቱ የቃል ወገኖች በአንድ ግድግዳ ላይ ይገናኛሉ፤ ማገሩን የማገረው ሰው በአገር ቃል፣ ሊሾውን ያፈሰሰው ሰው በባዕድ ቃል ያስባል።

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ለዚህ ሐተታ የሚጠቅመው ካቦ የሚለው ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ራስ ወይም አለቃ ማለት ሲሆን በአማርኛ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆኖ ቀረ። ባለ እጁን ሁሉ ለየስሙ የሚጠራው አማርኛ፣ ሙያተኛን ከሙያተኛ የሚያገናኘውን ሰው ለመጥራት ቃል ከውጭ መዋሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በደቦ ዘመን ይህን የሚያደርገው ልማድ ነበረና ስም አላስፈለገውም፤ በቤተ መንግሥት ሥራ ደግሞ የሚያደርገው ሹም ነበረና ስሙ የሹመት ስም ነበረ። ካቦ ግን በልማድም በሹመትም ያልቆመ፣ በደመወዝ የሚያዝ አዲስ ሰው ነው።

የካቦ ሥርዓት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀድሞ የሚመጣውንና ተከትሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ የመስኮቱ መቃን ከልስኑ በፊት እንዲቆም፣ ቱቦው ሊሾው ሳይፈስ እንዲቀበር ያዛል። ጉድለቱ ደግሞ ዕውቀቱ በእርሱ ዘንድ ብቻ መቅረቱ ነው። ሠራተኛው የራሱን ተግባር እንጂ የተከታዩን ምክንያት እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። በደቦው ሁሉም የሚያውቀው የሥራ ቅደም ተከተል በካቦው ዘመን የአንድ ሰው ምስጢር ሆነ። ታላላቅ ሥራዎች ካቦ ነበራቸው፤ የአንድ ቤት ባለቤት ግን አንድ ክፍል ሲጨምር ወይም ኮርኒስ ሲያስመታ ለካቦ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ትንሹ እድሳት ደቦውን አጥቶ ካቦውን ሳያገኝ ቀረ።

6. ትምህርት፣ ቁርጥና ሕግ

ከነፃነት በኋላ መንግሥት የሙያ ትምህርትን አስፋፋ። የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ1954 ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም የኤሌክትሪክ ሠራተኛነት በየቤቱ የሚፈለግ ሙያ ሆነ። ትምህርቱ እያንዳንዱን ሙያ ከፍ አደረገ፤ የተናቀውንም የእጅ ሥራ በምስክር ወረቀት አከበረ። ይሁንና ትምህርቱ በየሙያው የተከፋፈለ በመሆኑ፣ አናጢው በአናጢነት፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በኤሌክትሪክ እየተካኑ ሲወጡ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ስፍራ የሚያስተምር ክፍል አልነበረም።

የአከፋፈሉም ሁኔታ ልዩነቱን አባባሰው። በከተማ ሙያተኛ የሚቀጠረው ወይ በቀን ሒሳብ ነው፣ ወይ በቁርጥ ነው። በቀን የሚከፈለው ሥራው ቢዘገይ አይጎዳም፤ በቁርጥ የተዋዋለው ደግሞ ሥራው በቶሎ ባለቀ ቁጥር ይጠቀማል። ሥራ ተቋራጭ የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው ዋጋን ከመቁረጥ ነው። በቁርጥ የሚሠራ ልስን ሠሪ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መስመሩን እስኪዘረጋ ሁለት ቀን ቢጠብቅ የሚከስረው ከራሱ ኪስ ነው፤ ስለዚህ ይለስናል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም በደረሰ ጊዜ ልስኑን በመሮ ይሰብራል። ከሁለቱ ማንኛቸውም ውላቸውን አላፈረሱም፤ ሁለቱም ሥራቸውን ፈጽመው ገንዘባቸውን ተቀብለዋል፤ የተሰበረው ግድግዳ ግን በማንም ውል ውስጥ አልተጻፈም።

ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉዳይ ሥርዓት አብጅቶለታል። በቁጥር 2610 መሠረት የሥራ ውል የገባ ሰው የተወሰነ ውጤት በራሱ ኀላፊነት ለማስገኘት ይገደዳል፤ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚሠራም ተቋራጭ በቁጥር 3039 መሠረት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ይሆናል። ይህ ሕግ ሥራውን ሁሉ ለአንድ ተቋራጭ ለሰጠ ሰው ጽኑ ጋሻ ነው። ይሁን እንጂ አነስተኛ ቤት የሚያድስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግንበኛውን ለብቻው፣ አናጢውን ለብቻው፣ ቧንቧ ሠራተኛውን ለብቻው በቃል ይዋዋላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ለየራሱ ውጤት ኀላፊ ሲሆን፣ ለመገጣጠሚያው ኀላፊ የሚሆነው ሳያውቀው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሕጉ ይህን ሸክም በባለቤቱ ላይ አልጫነም፤ ባለቤቱ ሥራውን በከፋፈለ ጊዜ ሸክሙን በራሱ ላይ ወሰደ እንጂ። ገንዘብ ለማዳን ብሎ ሥራውን የበታተነ ሰው፣ የካቦውን ሥራ ያለ ካቦው ዕውቀት ተቀበለ ማለት ነው።

7. ባለቤት የሌለው ቤትና ብዙ ባለቤት ያለው ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኀዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። ከዚህ በኋላ በብዙ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚታየው የእድሳት መጓተት ሲመረመር፣ ምክንያቱ የኪራዩ ማነስ ብቻ አይደለም። ተከራዩ ቤቱ የእርሱ ባለመሆኑ ለመሠረታዊ ጥገና ገንዘብ አያወጣም፤ ቀበሌው አቅም የለውም፤ ስለዚህ የሚደረገው ሁሉ ቁራጭ ሥራ ይሆናል። ዛሬ አንድ ቆርቆሮ ይለወጣል፤ ከርሞ አንድ ግድግዳ ይመረጋል። የቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይደፈን የሚመረግ ግድግዳ ግን በመጀመሪያው ክረምት ይወድቃል። ባለቤትነት ሲጠፋ ቅደም ተከተልም አብሮ ጠፋ።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በሰፊው የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ተቃራኒውን ፈተና አመጡ። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶችን መብትና ግዴታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ወጪን ለመቀነስ ሲባል ብዙዎቹ ቤቶች የውስጥ ሥራቸው ሳይጠናቀቅ ለባለ ዕድለኞች ይተላለፉ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ሙያተኞች ይዞ ወለሉን ማንጠፍ፣ በሩን ማስገባት፣ ቧንቧውን ማዛወር ጀመረ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ በርካታ ትናንሽ እድሳቶች በአንድ ጊዜ ይካሄዱ ነበር። ሴራሚክ ነጣፊው ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ሳይነጋገር የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ባነጠፈ ጊዜ፣ ውኃው የሚያፈስሰው በሥራው አሠሪ ላይ ሳይሆን በታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ነው። በጎጆው ዘመን የመጋጠሚያው ጥፋት የሚደርሰው በቤቱ ባለቤት ላይ ነበር፤ በጋራ ሕንፃ ግን በዚያ ሥራ ውስጥ ምንም ድርሻ በሌለው ሰው ላይ ይደርሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሥራን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ቢያደርግም፣ ከበር በስተ ውስጥ ያለውን የየዕለቱን ሥራ ሁሉ ሹም ሊደርስበት አይቻለውም።

8. መደምደሚያ

ከላይ የተመለከተው ታሪክ ወደ ሣር ክዳንና ወደ ደቦ እንመለስ የሚያሰኝ አይደለም። የደቦው ቤት አነስተኛ ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ እሳት ያጠፋው ነበር፤ በውስጡም የተናቀ ሙያተኛ ነበረ። ይልቁንም ታሪኩ የሚያስረዳው የሙያ መከፋፈል ሁልጊዜ ዋጋ ያለው መሆኑን፣ ዋጋውም በአንድ ሰው መከፈል ያለበት መሆኑን ነው። በደቦ ዘመን ልማድ ከፈለው፤ በቤተ መንግሥት ሥራ ሹሙ ከፈለው፤ በትልቁ ግንባታ ካቦውና ተቋራጩ ከፈሉት። በትንሹ እድሳት ግን የሚከፍል ሳይሰየም ስለ ቀረ፣ ዕዳው በስንጥቅ ግድግዳና በሚያፈስ ጣራ እየተመዘገበ ይኖራል።

ከዚህም ለማኅበረሰብ ጥናት አንድ የሥራ አቅጣጫ ይገኛል። የቤት አሠራርን የሚመረምር ተማሪ የዕቃዎቹን ስምና የቤቱን ልክ ከመዘገበ በኋላ፣ ማን ከማን በኋላ እንደ ገባ፣ ማን ማንን እንደ ጠበቀ፣ ማን ለማን መናገር እንደ ቻለና እንዳልቻለ መጠየቅ ይገባዋል። ምክንያቱም የአንድ ኅብረተሰብ ሰዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው መከባበር በጽሑፍ ከሚነገረው ይልቅ ሁለት ሙያተኞች በጋራ በሠሩት ማዕዘን ላይ በግልጽ ይነበባል። ልስን ሠሪው የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠብቆ እንደ ሆነ ግድግዳው ይመሰክራል፤ ሳይጠብቅ ቀርቶ እንደ ሆነም የሚመሰክረው ያው ግድግዳ ነው።